የሴይሎን ዘውድና የሂርናው ቤት

በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልቁጠር። አንደኛው እኔ ነኝ። በአሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ ፊደልም ሆነ ሕግ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ በራሴ ነው የተማርኩት። ሁለተኛው ሂርና የሚኖሩት የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ናቸው። ሦስተኛዋ ልጄ ናት፣ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። አራተኛው ከህንድ በስተደቡብ ካለችው ደሴት፣ ከሴይሎን፣ የመጣው የታሪክ አስተማሪ ነው። ከተማው ሁሉ «ህንዱ» ይለው ነበር፤ እሱም «ህንድ አይደለሁም!» እንዳለ ኮንትራቱን ጨረሰ። አምስተኛው የተጣላ ሰው አይተው ማለፍ የማይሆንላቸው የቦኬ አገር ሽማግሌ ናቸው። የትምህርት ቤቱንም ዘበኛ ልጨምር፤ የእሱ ሥራ መሞት ብቻ ነበር።

ጠቡ የአባቴ ቤት ነው። አባቴ ሲሞት ሂርና መንገድ ዳር ያለውን ቤት አጎቴ ያዙት። የበኩር ልጅ እኔ ነኝና ቤቱ ይገባኛል የሚል ወረቀት ይዤ ሄድኩ። «አጥሩን ማን አጠረው? ጣሪያውን ማን ከደነው?» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ልጆቼን ስለ ይቅርታ ሳስተምር ድምፄ ጎረቤት ይሰማ ነበር። በአጎቴ ላይ የጻፍኩት ክስ ግን በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ በየወሩ እያወጣሁ አሳምረው ነበር።

ከአስተማሪው ጋር እሑድ እሑድ እንገናኛለን፤ እሱ እንግሊዝኛ ያስተምረኛል፣ እኔ አማርኛ። አንድ ቀን ስለ አገሩ የጥንት መንግሥት አጫወተኝ። አንድ ትልቅ ንጉሥ ሞተ። እኅቱ ከሦስት ወንዶች ልጆቿና ከመነኮሳት ጋር ተማክራ ሞቱን ደበቀች፤ የንጉሡን ታናሽ ወንድም አነገሠች፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚነግሠውም የራሷ ልጅ እንዲሆን አደረገች። የንጉሡ ልጅ ሩቅ አገር ነበርና ዘግይቶ ሰማ፤ ጦሩን አስከትቶ መጣ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ይህማ የእኔ ጉዳይ ነው!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ አስተማሪው። «በደንባችን ዘውዱ መጀመሪያ ለወንድም ነው። የበኩሩ ልጅ ተራ የሚደርሰው ወንድሞች ካለቁ በኋላ ነው።»

ለትምህርት መዝጊያ በዓል ይህን ታሪክ በአማርኛ ቲያትር አድርጌ እንድጽፍለት ለመነኝ። ጻፍኩ። ደንቡን ግን አልጻፍኩም። በአጎትየው ንጉሥ አፍ የአጎቴን ቃል እንዳለ አስገባሁና የበዓሉን ጥሪ በሽማግሌው እጅ ሂርና ላክሁ። አጎቴ በሰው ፊት አፍረው ቤቱን እንዲለቁልኝ ነበር ሐሳቤ። ይህን ሳደርግ ዕድሜዬ ሠላሳን አልፎ ነበር፤ በልጅነት ላሳብብ አልችልም።

በዓሉ ደረሰ። አጎቴ ከሽማግሌው ጋር ከፊት ተቀመጡ፤ የሂርና ሰዎችም በጭነት መኪና ተጭነው መጥተዋል። ዘበኛው ንጉሡን ሆኖ ሞተና በእኔ ጋቢ ተሸፈነ። እኅትየዋን የሆነችው ልጄ እጇን ዘርግታ፣ «ወንድሜ አልሞተም! ተኝቷል!» ስትል ከጋቢው ሥር ማንኮራፋት ተሰማ። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ኖሯል።

«እውነቷን ነው!» አለ ሕዝቡ።

ከዚያ አጎትየውን የሆነው ተማሪ የቆርቆሮ ዘውዱን ደፍቶ ብቅ አለ። «አጥሩን ማን አጠረው? ጣሪያውን ማን ከደነው?»

ከሂርናዎቹ አንዱ፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ የእኛ ጎረቤት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ሜዳውን ሞላው፤ ዓይን ሁሉ ወደ አጎቴ ዞረ። እኔ አቀርቅሬ ደስ አለኝ።

የንጉሡ ልጅ የእንጨት ሰይፉን ሲመዝ ሽማግሌው ተነሡ። መድረኩ ላይ ወጥተው ከዘራቸውን በሁለቱ ተዋጊዎች መካከል አጋደሙ።

«ቁሙ! እኛ ተቀምጠን አጎትና የወንድም ልጅ ይታረዳሉ? ወላሂ አይሆንም!»

«አባባ፣ ቲያትር እኮ ነው!» አለ አስተማሪው።

«ቢሆንስ? ቁጭ በሉ!» ጦሩ ሁሉ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ወደ አስተማሪው ዞሩ። «ባገራችሁ ደንቡ እንዴት ነው?»

አስተማሪው አየኝ። «መጀመሪያ ወንድም፣ ቀጥሎ የበኩሩ ልጅ።»

«ኦቦ ጸሐፊ፣ ይሄ እወረቀትህ ላይ አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ረስተህ ነው?»

«አውቄ ነው የተውኩት።»

ልጄ እያየችኝ ነበር። እውነት ተቀንሶ ሲጻፍ ሐሰት እንደሚሆን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አጎቴ መድረኩ ላይ ዘለው ወጡ፤ ዘውዱን ከተማሪው ራስ አንሥተው በባርኔጣቸው ላይ ደፉት። «ሰማችሁ? ንጉሥ ነኝ!» ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! እኔ እንደሆንኩ ልጅ የለኝም። ያን አጥር ለማን የማጥር መሰለህ? ለጅብ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ወረቀት ይዘህ መጣህ እንጂ!»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ሊያነሡኝ ሲያጎነብሱ ዘውዱ ከራሳቸው ተንከባልሎ ዘበኛው ላይ አረፈ፤ ዘበኛው ደንግጦ በእርግጫ መታውና ብድግ አለ። «ማን ነገሠ?»

«በተራ ነው» አለችው ልጄ፤ «እርስዎ ይተኙ።»

አስተማሪው ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ጠፍቶ አገሩ አራት ቦታ ተከፈለ» አለኝ። ሽማግሌው ጥፋተኛ ያደረጉት እኔን ነበር፤ ፍርዱ ትክክል ነው።

ከእያንዳንዳችን የወጣው ድምር ይህ ነው። ከእኔ ለዕርቁ የታረደ አንድ ሙክትና ሙክቱ የተጠበሰበት እሳት መለኮሻ የሆነው ክስ። ከአጎቴ ለልጄ የሰጧት የሂርናው ቤት የፊተኛ ክፍል ቁልፍ። ከትምህርት ቤቱ በእርግጫ የተጨረማመተ የቆርቆሮ ዘውድ። ከአስተማሪው ሳይዋጋ ወደ ቤቱ የገባ አንድ ሙሉ ጦር። ከሽማግሌው የዘገየ ሶላት፣ ከዘበኛው ያላለቀ እንቅልፍ። ከአጎቴና ከእኔ ደግሞ ሳንነጋገር የጠፋ ሦስት ዓመት፤ እሱ እንዲመለስልን ማመልከቻ ለማን እንደምጽፍ እስካሁን አላወቅሁም።