የተነቀነቀው ቁና

ልጅ ሳለሁ አንኮበር ላይ ጉሙ ቤታችን ድረስ ይገባ ስለነበር፣ በጊዜ በር ዘግተን የጥዱ ፍም ዙሪያ እንኮለኮል ነበር። ያኔ የሚያወጉን አያቴ ነበሩ። በጧፍ ብርሃን ግማሽ ፊታቸው ብቻ እየታየ፣ ጢሱ ዐይናችንን እያስለቀሰው፣ ጅቡንም ጦጣዋንም በየድምፃቸው ያናግሯቸዋል። ተረታቸውን ሁሉ እወድ ነበር፤ ከአንዱ በቀር።

አክስቴ አስካለ፣ የአያቴ ልጅ፣ ባሏ ሞቶባት ከእኛ ጋር የምትኖር፣ የነጋዴ ዕቃ በአደራ እያስቀመጠች በምታገኘው የምትተዳደር ሴት ነበረች። ክረምት ሊገባ ሲል ገብሬ የሚባል ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ ያመጣውን ሁለት ስልቻ ሩዝ እሷ ዘንድ አኖረ። ያኔ ሩዝ በዐይኑ ያየ ሰው በአገሩ ጥቂት ነው፤ ለጌቶች ማዕድ የሚወጣ እህል ነበር። ገብሬ ሲያስረክባት በእፍኝ እያፈሰሰ፣ አቅልሎ ሰፈረላት፤ አሥር ቁና ሆነ። መስቀል አልፎ ሲመለስ ግን ቁናውን እየነቀነቀ፣ መሬት ላይ መታ መታ እያደረገ ሰፈረ፤ ዘጠኙ ሞልቶ አሥረኛው ጠፋ። የአገሩ ልማድ ነው፤ ሰጪ አቅልሎ ይሰፍራል፣ ተቀባይ ነቅንቆ፤ ማንም ክፋት ነው አይለውም። ገብሬ ግን ሩዙን እንዲህ ጎድሎ አላነሳም ብሎ ጥሎት ወረደና፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ አስካለ አደራ በላች ብሎ አወራ። አደራ በላች ከተባለች ማን ዕቃውን ይሰጣታል? የምትኖረው በስሟ ነበር እኮ።

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ አያቴ ፍሙን ቆስቁሰው አዲስ ተረት ጀመሩ። አንዲት መበለት አደራ ትበላለች፤ የበላችው እህልም ሆዷ ውስጥ እንደ ከበሮ እየመታ ያጋልጣታል። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አክስቴን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳ እሳቱን ታያለች። አባቷ ናቸው እኮ! በተረት አሳበው ልጃቸውን ሌባ አሏት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አክስቴ ተነሥታ ቁናውንና አንዱን ስልቻ እሳቱ አጠገብ አመጣች። ሩዙን በእፍኝ እያፈሰሰች ቁናውን እስከ አፉ ሞላችና አያቴን እንዲዳስሱት ጠየቀቻቸው። ሙሉ ነው አሉ። ያን ጊዜ ነቀነቀችው፣ ወለሉ ላይም መታ መታ አደረገችው፤ ሩዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወረደ።

«እንግዲህ ይህን ማን በላው፣ አባቴ? ከፊትዎ አልተነሣሁም።»

አያቴ ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ነገር አታክርሪ፣ የጎደለውን ለገብሬ ሰጥተሽው በሽማግሌ እንጨርሰው አሏት። እሷ ግን ያልበላሁትን አልተካም አለች።

በገበያው ቀን ስልቻዎቹን በአህያ ጭና ወረደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ገብሬ ሩዙን ጠረፍ ላይ የገዛው በስፍር ሳይሆን በሚዛን ነበር፤ ሦስት ፈረሱላ መሆኑን ራሱ ለሰው ሁሉ ተናግሯል። አክስቴ ገበያው ላይ ሚዛን ያለው ቡና መዛኝ ዘንድ ወስዳ፣ ገብሬንም አስጠርታ፣ ሰው ሁሉ እያየ አስመዘነችው። ልክ ሦስት ፈረሱላ ሆነ። ገብሬ ደነገጠ፤ ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም። ይቅር በይኝ ብሎ አንድ ቁና ሩዝ ሊሰፍርላት ጎንበስ አለ።

«ሩዝ አልጎደለብኝም» አለችው። «ያጎደልከው ስሜን ነው፤ እዚሁ ባጎደልክበት ገበያ፣ በዚያው አፍህ ሙላልኝ።»

ገብሬም ድምፁን ከፍ አድርጎ አስካለ አደራ አልበላችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለ። ስትመለስ አህያዋን እየነዳች ስታንጎራጉር ሰማኋት።

አያቴ ግን ያን ተረት አልተዉትም፤ ልጆቹ ይወዱታል ይሉ ነበር። በጀመሩት ቁጥር እኔ ከእሳቱ ተነሥቼ ብርዱ ውስጥ እወጣለሁ፤ ቢቆጡኝም አልመለስም። አሁን አክስቴም አያቴም የሉም፤ እኔም አርጅቻለሁ። ሰዎች ተሰብስበው እገሌ እንዲህ አደረገ፣ እገሊት እንዲህ ሆነች ሲሉ፣ ማን ሰፈረው፣ እንዴትስ አድርጎ ሰፈረው እያልኩ እጠይቃለሁ። ነገር ታበዣለሽ፣ ዝም በይ ይሉኛል። ዝም አልልም።