የእማዬ ግድግዳ ምርጊት

ዛሬ ጠዋት ምሥራቅ ሰፈር ያለውን የእናቴን ግቢ በር ገፋ ሳደርግ የሰነበተ ጭቃ ሽታ ተቀበለኝ። ጭድ ገብቶበት ቀናት ያሳለፈ ጭቃ ይገማል፤ እኔ ግን፣ ይቅር በሉኝና፣ ከሽቶ አስበልጬ እወደዋለሁ። እማዬ የጓዳዋ ግድግዳ ክረምቱ ሳይገባ ካልተመረገ ይናዳል ብላ፣ በዚህ እርጅናዋ ጭቃውን ራሷ አቡክታዋለች። "ለሰፈሩ ነግሬያለሁ፣ ይመጣሉ" አለችኝ።

ይህን ቤት የሠራው ሰፈሩ ነው። የጓሮ ጎረቤታችን ጋሽ ላንቃሞ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ በሲዳምኛ እያንጎራጎሩ ጭቃውን ሲረግጡ፣ እኛ ልጆች ከኋላቸው እስከ ጭናችን እንሰምጥ ነበር። ፒያሳ ሱቅ የነበራቸው እትዬ ዘይነባ ደግሞ ያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በመዳፋቸው ይመርጋሉ። እሳቸው ከውስጥ፣ ጋሽ ላንቃሞ ከውጭ፣ ማን ይቀድማል ብለው ሲሽቀዳደሙ፣ ለመስኮት ምልክት የተደረገበትን ቦታ ከነማገሩ ደፍነውት ቁጭ! "ኧረ በአላህ፣ ከነነፍሴ ቀበራችሁኝ!" ሲሉ ከውስጥ ሰማንና ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ላንቃሞ በማግስቱ በመጋዝ ከፈቱት፤ መስኮቱም እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ያኔ የሚከፈል ነገር አልነበረም፤ ጎመንና ቆጮ ይበላል፣ የእነሱ ቤት ሲሠራ ደግሞ እማዬ ሄዳ ትረግጣለች። በቃ።

ዛሬ ጋሽ ላንቃሞ በሕይወት የሉም። እትዬ ዘይነባ ልጃቸው ጋ አዲስ አበባ ገብተዋል። ግራና ቀኙ ፎቅ ሆኗል። እስከ ረፋድ ማንም ዝር ሳይል ሲቀር፣ ወጥቼ አንድ ሁለት በር አንኳኳሁ። በአንዱ ዘበኛው "የሉም" አለኝ፤ በሌላው አንዲት ልጅ በትሕትና "ጭቃ? በእጅ?" ብላ ጠየቀችኝ። እማዬ ግን ከንጋት ጀምሮ ድስት ሙሉ ጎመን ሠርታ፣ ያላትን ሳህን ሁሉ አጥባ ደርድራ፣ በሩን በሩን ታያለች። አንጀቴን በላችው።

መላ ሲጠፋኝ ከአስፋልቱ ዳር ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ መጣሁ። እማዬ ስታያቸው ፊቷ በራ። ከየትኛው ቤት እንደሆኑ እንኳ ሳትጠይቅ "ተባረኩ ልጆቼ! ጎረቤት አይጥፋ!" እያለች ስማ አስገባቻቸው። ቀጥሬያቸው ነው ሳልላት ወደ ጭቃው መራኋቸው።

ግድግዳው ተመርጎ፣ ጎመኑ ተበልቶ ሲያልቅ፣ የታናሽየውን ጭቃማ እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘችና "የእናንተም ቤት ሲሠራ ጥሩኝ፤ እግሬ ባይረዳኝ ውሃ አቀብላለሁ" አለችው።

ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየ።

"እሺ፣ እማማ" አላት።