የግራ እጇ ትንሿ ጣት

ማሽን ይሉኝታ የለውም። ዘበኛው ቢሆን ኖሮ ፊቷን አይቶ "ግቢ እህቴ፣ ግቢ" ብሎ ያሳልፋት ነበር። አሁን ግን የሥራ ቦታዋ በር ላይ የተለጠፈ አንድ ፍሬ ጥቁር ዕቃ መጥቷል። ጣት ይነካዋል፤ አረንጓዴ ካበራ ሰውየው ገባ፣ ቀይ ካበራ ቀረ። ጓንቲት አውራ ጣቷን ብቻ ከጓንቱ አውጥታ አስጠጋች። ቀይ። "እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" አለች ማሽኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ። ሞከረች። ቀይ።

"ኧረ ጓንቲት፣ ከማሽኑ ጋር ተኳርፋችሁ እንደሆነ ሽማግሌ እንላክ!" አለ ከኋላዋ የተሰለፈ ሹፌር። ሰልፉ በሳቅ አውካካ። እሷም እንደ መሳቅ ብላ ጣቷን ወደ ጓንቱ መለሰች።

ይህን ስም ያወጡላት ጓንት ስለማታወልቅ ነው። ቤቱ የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበት ነው፤ እሷ ካውያ ላይ ትቆማለች። "ሙቀቱን አልችለውም" ትላለች። ውሸቷን ነው! ጓንቱ የሚከልላት ከሰው ዓይን ነው። በጥፍሯ ዙሪያ ያለውን ቆዳ እስከ ጣቷ ሆድ ድረስ ደም እስኪወጣ ትልጠዋለች፤ ሊሽር ሲል ደግሞ ቅርፊቱን ታነሳዋለች። ማሽኑ አላውቅሽም ቢላት ምን ይፈረድበታል፣ ጣቷ ላይ የሚያውቀው ነገር አልተረፈም።

የጀመራት እናቷ አልጋ ላይ በዋለችበት ዘመን ነው። ታላቅ እህቷ ሥራ ስትሄድ እሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የእናቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ትንፋሹ ዘግየት ሲል የእሷም አብሮ ይቆማል። እንደዚያ ተጨንቃ ሳለ ጥፍሯ አውራ ጣቷ ጎን ብድግ ያለች ቆዳ አገኘ። ላጥ ስታደርጋት፣ ክዳኑ ከፈት እንዳለለት ማንቆርቆሪያ ውስጧ ተነፈሰ። ወዲያው ሐፍረቱ መጣ። እናት አረፈች፣ ተቀበረች፤ ጭንቀቱ ግን አብሮ አልተቀበረም።

እህቷ ደሙን ባየች ቁጥር እጇን በጥፊ ትላት ነበር። "ተይ ብዬሻለሁ! አመል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እንዴት አንድ አመል መተው ያቅትሻል?" በመጨረሻ በእማዬ አጥንት አስማለቻት። ማለች። ብዙም ሳትቆይ መሐላዋን አፍርሳ ጓንት ገዛች።

እዚህ ሥራ ያስገባቻትም ይቺው እህቷ ናት፤ አዳራሹ ማዶ አንሶላ ታጥፋለች። አንሶላ መቼም ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥራል፣ ከዚያ ተጠጋግቶ እጅ ለእጅ ያገናኛል። "ነይ ከኔ ጋር እጠፊ" ብላ ስንቴ ለመነቻት! ጓንቲት እጅ ለእጅ መገናኘቷን ፈርታ "እትዬ፣ ለኔ ካውያው ይሻለኛል" አለች። እህት ተቀየመች። ንቃኝ ነው ብላ ለሰው አወራች።

አለቃው መጥቶ ከሰልፉ ገለል አደረጋት። "ጓንቱን አውልቂ።" አወለቀች። ሰውየው ፊቱን አኮሳተረ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ካውያ አቃጥሎኝ ነው፣ አለቃ።"

ማሽኑ ሲተከል የሁሉም ሰው አሥሩም ጣት ተመዝግቧል፤ ጣቶቿን በየተራ አስሞከራት። ቀይ። ቀይ። በመጨረሻ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ አረንጓዴ በራ። "ተገላገልን!" አለ አለቃው። "ከነገ ጀምሮ መግቢያሽ ይቺ ናት። ማሽኑ ካላወቀሽ እኔም አላውቅሽም። ቦታሽን የሚፈልግ ሞልቷል። ዋ!"

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያቺን ጣት ጥፍሯ ነክቷት አያውቅም፤ መኖሯንም ረስታት ነበር። አሁን ግን ካውያው ፊት ቆማ ከእሷ በቀር የምታስበው ጠፋ። እንዳትነኪያት፣ እንዳትነኪያት እያለች፣ በስሱ ጓንት ላይ አውራ ጣቷ ቀስ ብላ ተጠግታ ዳበሰቻት። ለስላሳ ናት። ከጎኗ ግን አንዲት ሻካራ ነገር አለች። "ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!" ብላ ራሷን ተቆጣች። እጇን ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው። አንሶላው አርሮ መሽተት ሲጀምር ደንግጣ ካውያውን አነሳች። እንደገና ስታስተውል ሁለቱም ጓንቶች ወልቀዋል፣ የቀኝ እጇ ጥፍር ሻካራዋን ጥርቅም አድርጎ ይዟታል፣ ከጎኗም ደም መውጣት ጀምሯል። መቼ እንዳወለቀቻቸው አታውቅም። ፈራች፤ የገዛ እጇን ፈራችው።

ሆድ ይፍጀው ብላ ስንት ዘመን ይዛዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስላት ነበር። ካውያውን አጥፍታ፣ ጓንቶቹን እዚያው ትታ፣ ባዶ እጇን አዳራሹን አቋርጣ ሄደች።

ከእህቷ ጋር የምታጥፈው ሴት ውኃ ልትጠጣ ወጥታ፣ እህቷ አንሶላ ይዛ ብቻዋን ቆማለች። ጓንቲት ሌላውን ጫፍ አነሳች። "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" አለች እህት። ወጠሩት። ተጠጋጉ። እጅ ለእጅ ተገናኙ። እህት ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ነጩ አንሶላ ላይ ደም ነጠብ ብሏል።

"ምለሽልኝ ነበር" አለች በቀስታ።

"ምያለሁ እትዬ። ዋሸሁሽ። አቃተኝ። ሳላውቀው እጄ ይሄዳል። ደህና የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት፤ እሷም ከሄደች ሥራዬ አብሮ ሄደ። እባክሽ ያዢልኝ።"

ጥፊውን ጠበቀች። እህቷ አንሶላውን ለቀቀችው። ያቺን ትንሽ ጣት በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት።

"ምን ተገትራችኋል?" ብሎ ጮኸ አለቃው ከወዲያ። "ሥራ የለም?"

እህት ዘወር አላለችም፣ ጣቷንም አለቀቀችም።

"እህቴ ታማለች" አለች። "ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው።"

ጓንቲት ይኼኔ እንባዋ ዝርግፍ አለ። ታማለች ነው ያለችው። አመል አላለችም።