ሰኞ ክፍት የሆነ ቤተ መንግሥት

ፓሪስ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሴት ልጅ ተወለደችለትና እናቴ "ክርስትናዋ ላይ ካልተገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ" አለች። እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ነው። አትላንታ ከመጣች ወዲህ የምታውቀው ቤታችንን፣ ቤተ ክርስቲያንን፣ ሐኪም ቤቱንና የመኪናዬን የፊት ወንበር ነው። እኔ እዚያው አቅራቢያ፣ ደንዉዲ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ያገኘሁት የሥራ ፈቃድ አጭር ስለነበር ዓርብ ደርሰን፣ እሑድ ክርስትናው ተደርጎ፣ ማክሰኞ ጠዋት የምንመለስበትን ቲኬት ቆረጥኩ። መሃል ላይ አንዲት ሰኞ ተረፈች።

"ሰኞን ምን ልናደርግባት ነው?" አለች እናቴ፣ ምስር እየለቀመች።

"አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ሰፌዱን አስቀመጠችና ቀና አለች። "የፈረንሳይ ነገሥታትን መጋረጃ ማየት እፈልጋለሁ።"

እናቴ "እፈልጋለሁ" ስትል ሰምቼ አላውቅም። ጫማ ልግዛልሽ ስላት ያለኝ ይበቃኛል፣ ምን ላብስልልሽ ስላት ያደረው ይሞቅልኝ የምትል ሴት ናት። ግን እኛን ያሳደገችን መጋረጃ እየሰፋች ነበር። የሰው ቤት ስንሄድ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ሰውን ሳይሆን መስኮቱን ነው፤ ጫፉን ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትስመው። ስለዚህ ነገሩን ቀልድ አላልኩትም። እዚያው ለወንድሜ ደወልኩለት።

"ቬርሳይ እንውሰዳታ!" አለ። "ቤቱ መጋረጃ ብቻ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሰርግ ቤት መሰለ። ከሥራ ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ በአዲስ ጥያቄ ትቀበለኛለች። ምሳ ይዞ መግባት ይቻላል? ሰኞ ፍስክ ነው አይደል? እግሬ ቢደክም ወንበራቸው ላይ ያስቀምጡኛል? ስኒከር ገዛሁላት፤ "በስኒከር ንጉሥ ቤት አይገባም" ብላ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። "ንጉሡ እኮ የለም" ብላት፣ "ቤቱ አለ አይደል?" አለችኝ።

አንድ ቀን ማታ የመግቢያ ቲኬቱን ኦንላይን ልገዛ ተቀመጥኩ። ሰኞን ስነካው አልከፈት አለኝ። ደግሜ ነካሁት። ከታች ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ክው አልኩ፤ ቬርሳይ ሰኞ ዝግ ነው።

እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ለጓደኞቿ ሁሉ ተናግራለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ "እማዬ፣ ቤተ መንግሥቱ ሰኞ አይሠራም" አልኳት።

ቀና ብላ የተሰቀለውን ቀሚስ አየችው። ከዚያ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ፣ "ታዲያ ሰኞ የሚሠራ ሌላ ንጉሥ የላቸውም?" አለች።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እኔ ስስቅ እሷም ጀመረች፤ ሶፋው ላይ ተደጋግፈን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ለወንድሜ ደውዬ ቃል በቃል ነገርኩት። እሱም ሲስቅ ሕፃኗን ቀሰቀሳትና ሚስቱ ተቆጣችው። ከዚያ፣ "ቆይ፣ ቆይ! ፎንቴንብሎ አለ!" ብሎ ጮኸ። ከፓሪስ በባቡር ብዙም የማይርቅ፣ ነገሥታቱ ለአደን ሲወጡ የሚያርፉበት ሰፊ ቤተ መንግሥት ነው። ፈልጌ አገኘሁት። ዝግ የሚሆነው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ክፍት!

"ስሙ ማን ነው አልሽኝ?"

"ፎንቴንብሎ።"

"ፎን... ተይው። መጋረጃ አለው?"

ፎቶዎቹን አሳየኋት። ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደውን እያጎላች አየችና ስልኬን ይዛው ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

የቀረን ባቡሩ ነበር። እናቴ በሕይወቷ ባቡር ተሳፍራ አታውቅም፤ ኤስካሌተር፣ በራሱ የሚሄደው ደረጃ፣ ሲያጋጥማት ደግሞ ተመልሳ ሊፍት ትፈልጋለች። ወንድሜ የፓሪስ ጣቢያዎች ውጣ ውረድ ብዙ ነው፣ ሊፍት ሁሉም ቦታ አይገኝም አለ። "እንግዲያው እንለማመድ" አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ዶራቪል ባቡር ጣቢያ ሄደን መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ። እናቴ የቤተ መንግሥቱን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦና ቆሎ የያዘ ቦርሳ አንግታ ወረደች። "ልምምድ ከሆነ ሙሉ ልምምድ ነው" አለች። ባቡሩ ውስጥ ስንገባ ለተሳፋሪው ሁሉ "ጉድ ሞርኒንግ!" አለች። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካው ሁሉ ቀና ብሎ መለሰላት። መስኮቱ ላይ ተለጥፋ የሰው ጓሮ፣ የመኪና መንገድ፣ ሕንፃ ስታይ ቆየችና፣ "ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?" አለችኝ።

መሃል ከተማ፣ ከመሬት በታች ከሁሉም የጠለቀው ጣቢያ ላይ ወረድን። ሆን ብዬ ነው፤ ኤስካሌተሩ ጫፉ አይታይም። እናቴ ከሥሩ ቆማ ወደ ላይ አየች።

"ይሄ ወደ ሰማይ ቤት ነው የሚወስደው።"

አንድ እግሯን ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች። እኔ እጇን ብጎትት ይብስባታል። ከኋላችን ትልቅ ሐምራዊ ባርኔጣ ያደረገች ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ መጣች፤ ዕድሜዋ ከእናቴ የሚቀራረብ ይመስላል። ምንም ሳትጠይቅ ክንዷን አቀፈቻትና፣ "ካም ኦን፣ ማማ፣ አብረን" አለቻት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና "በስመ አብ" ብላ ረገጠች። ሁለቱ ተቃቅፈው ከፊቴ ወደ ላይ ተጓዙ፤ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በእንግሊዝኛ ሲጸልዩ ይሰማኛል። ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ "ናው!" አለች፣ እናቴም እንደ ሕፃን ዘለለች። መሬት ስትረግጥ ዓይኗን ገለጠችና እልልታዋን አቀለጠችው።

ጣቢያው ውስጥ እልልታው እንዴት እንዳስተጋባ! ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሴትዮዋ ባርኔጣዋን ይዛ ስትስቅ እናቴ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት፣ ቆሎም በእፍኟ ሰጠቻት። ሴትዮዋ መንገዷን ስትቀጥል እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"በይ፣ ወርደን እንደገና እንውጣ።"

ከሰዓት በኋላ ነው ወደ ቤት የተመለስነው።

ፓሪስ ገብተን እሑድ ክርስትናው ተደረገና ሰኞዋም ደረሰች። በባቡር፣ ቀጥሎም በአውቶቡስ ሄደን ፎንቴንብሎ ገባን። ሕፃኗ በጋሪዋ ተኝታለች። እናቴ በየክፍሉ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንዳልነካ ብላ፣ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ አየች። እኔና ወንድሜ ወርቁንና ሥዕሉን እናሳያታለን፤ እሷ "እሺ፣ እሺ" እያለች ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። አንዱ ጋ ረጅም ጊዜ ቆመችና፣ "የሰፉትን ሰዎች ነፍስ ይማር" አለች።

ምሳችንን የበላነው ግቢው ውስጥ ካለው ኩሬ አጠገብ ነው። ትልልቅ ዓሣዎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ዳቦውን ሳንጨርስ ዝናብ ድንገት ወረደብን። ወንድሜ ጋሪውን፣ እኔ ቦርሳውን ይዘን ወደ ዛፍ ሥር ስንሮጥ፣ እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ልጅቷን አለበሰቻት። ሕፃኗ ነቅታ ከነጠላው ሥር ወደ ቅጠሉ አንጋጣ ታያለች። እናቴ ፀጉሯ ላይ የውሃ ጠብታ እያብረቀረቀ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ "አያችሁ እንዴት እንደምታይ!" ትለናለች።