የትሩፋት ዘንቢል

የወንድሜ ሚስት ትሩፋት ፈሪ ናት። ይህን የምለው ሐሜት ሆኖ አይደለም፤ ራሷም ትለዋለች። በር ሲንጓጓ ትበረግጋለች፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ቁጭ ትላለች፣ ነጎድጓድ ከጀመረ አልጋ ሥር ነው የምትገኘው። እኔ አፌ ስለማያርፍ «ትሩፍዬ፣ ዝናቡ ሊጠይቅሽ መጥቷል፣ ውጪ እንጂ» እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷ ግን አትቆጣም። «አንቺ ምን አለብሽ» ብላ ትተወኛለች።

ስትፈጠር እንዲህ አልነበረችም። ወንድሜን አባይነህን አግብታ ነፋስ ስልክ ስትመጣ በግቢያችን ካሉት ሴቶች ሁሉ ደፋሯ እሷ ነበረች። የዓመት በዓል ገበያ ሲደርስ ብቻዋን መርካቶ ወርዳ፣ ከነጋዴው ጋር ተጨቃጭቃ፣ ተሳስቃ፣ የሁላችንንም ዕቃ ተሸክማ የምትመለሰው እሷ ነበረች። የሰው ግርግር ይስማማት ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰፈራችን የነበረው የጥይት መጋዘን ንጋት ላይ ፈነዳ። ያን ለት የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ላልነበረ ቢነግሩት አይገባውም። የቤታችን ቆርቆሮ ተነስቶ ሄደ። ሁላችንም እግራችን ወደመራን ሮጥን። ትሩፋትን ፈልገን ፈልገን ከሰዓት በኋላ ያገኘናት ሳሪስ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ነው። በእጇ የድስት ክዳን ይዛለች። ከየት እንዳነሳችው እስከ ዛሬ አታውቅም። ከጎረቤቶቻችን የሞቱ አሉ። እኛ ተረፍን፤ የትሩፋት ድፍረት ግን ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ ሁሉ እርም አለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ ተሳልማ ትመለሳለች። የበዓሉን ገበያ አባይነህ ተረከበ። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ ገበያ ግን አያውቅበትም። አንዱን ፋሲካ ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ ያመጣት ዶሮ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ውላ አልበስል አለች። ትሩፋት አንድም ቀን አላማረረችም፤ ድስቱን እያማሰለች ዝም ትላለች። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ዝምታዋ ነበር።

የሰማንያ ዘጠኙ ገና ዋዜማ አባይነህ ፋብሪካ ተረኛ ሆነ። «ነይ አብረን እንውረድ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። እሺ ትለኛለች ብዬ አልነበረም፤ ለወጉ ነው ያልኩት። እሷ ግን ነጠላዋን ደርባ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

ዘመኑ ደግሞ ለፈሪ የሚመች አልነበረም። በዚያ ሰሞን እዚህ ሆቴል ፈንጂ ተጣለ፣ እዚያ ሰው ሞተ ይባላል። ባለቤት የሌለው ዕቃ ካያችሁ አትንኩ ይባላል። ትልልቅ ቤት ሲገባ ቦርሳ ይከፈታል፣ ሰው ይዳበሳል። አውቶቡስ ውስጥ ትሩፋት ጎንበስ ብላ ከመቀመጫችን ሥር ስታይ በክርኔ ጎሰም አድርጌ ሳቅሁባት።

መርካቶ በገና ዋዜማ እግር መጣያ የለውም። በግ በትከሻው ያዞረ፣ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለ፣ የሽንኩርት ጆንያ የሚጎትት፣ ሁሉም እየተጋፋ ያልፋል። ትሩፋት እጄን አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቅቤ ተራ ስንደርስ ግን ለቀቅ አደረገችኝ። አንዱን ቅቤ በጥፍሯ ጫፍ ነካ አድርጋ አሸተተችና «እህቴ፣ ይሄን ለራስሽ ቤት ትወስጂዋለሽ?» አለቻት ነጋዴዋን። ነጋዴዋ ስቃ ሌላ አወጣችላት። ደስ አለኝ። የድሮዋን ትሩፋት ያየኋት መሰለኝ።

ቅመም የምትገዛው ድሮም ከዑስማን ነው። ዑስማን ሽማግሌ ነጋዴ ነው፤ ሲያያት ሚዛኑን አስቀምጦ ተነሳ።

«ትሩፋት፣ አለሽ እንዴ? ባልሽ በመጣ ቁጥር ልጠይቀው እየፈራሁ ነው የኖርኩት። ሞታለች ይለኛል ብዬ።»

«አለሁ፣ ጋሽ ዑስማን። ትንሽ አሞኝ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ አምጪ ዘንቢልሽን።»

ኮረሪማውንም ነጭ ሽንኩርቱንም ራሱ መዝኖ፣ ራሱ ሊከትላት ዘንቢሉን ወሰደ። እኛ ከጎረቤቱ ዝንጅብል ስንመርጥ ቆይተን ተመለስንና ተቀበልነው። እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ሸኘን።

ከሱቁ ብዙም አልራቅንም። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ከኋላችን አንድ ተሸካሚ ትልቅ ጆንያ ጀርባው ላይ ቆልሎ ይመጣል። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ጎልማሳ ነው። ሸክሙ አጉብጦት ፊት ለፊቱን ስለማያይ፣ መንገድ እንዲለቁለት የሚሄድበትን ቦታ እየጠራ ነው የሚያልፈው።

«ቦምብ ተራ! ቦምብ ተራ!»

ቦምብ ተራ የመርካቶ አንዱ ሰፈር ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ መርካቶ ለሚመላለስ ሰው ግን እንደ ቅቤ ተራ፣ እንደ በርበሬ ተራ ነው፣ ማንም አይደነግጥበትም። ትሩፋት የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ዘንቢሉን መሬት ላይ ለቀቀችው፤ «ቦምብ» ብላ ጮኸችና ሮጠች።

በዋዜማ ቀን መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው ከሮጠ ሁሉም ይሮጣል። ያየው ነገር ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚሮጠውን አይቶ ነው የሚሮጠው። ዶሮ ከሰው እጅ ያመልጣል፣ ሽንኩርት ተበትኖ ይረገጣል፣ የሱቆቹ የብረት መዝጊያ በየተራ ይንጓጓል። የመዝጊያው ድምፅ ደግሞ ፍንዳታ እየመሰለ ሰዉን ይብሱን አስሮጠው። እኔም ሮጥኩ። ትሩፋትን አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ምሰሶ ጀርባ ተለጥፋ አገኘኋት። ጥርሷ እርስ በርሱ ይጋጫል።

መተላለፊያው ባዶ ሆነ። የቀረው የትሩፋት ዘንቢልና ያ ተሸካሚ ብቻ ነው። ሰው ለምን እንደሚሮጥ ስላልገባው አልሮጠም። ጆንያውን አውርዶ ዘንቢሉን አነሳና የጣለችውን ሴት ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ማየት ጀመረ።

«ቦምብ ሲል የነበረው እሱ ነው» አለ አንዱ ከተደበቀበት።

«አዎ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። ይኸው ዕቃውን ይዞታል።»

ጣለው፣ አስቀምጠው፣ አትንካው እያሉ ከየአቅጣጫው ጮኹበት። ደንግጦ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ሲርበተበት የነበረው ሰው ሁሉ ተናደደ። እንደ ፈሪ ሰው ጨካኝ የለም ብዬ ያመንኩት ያን ዕለት ነው። ጎትተው ወደ ዳር አወጡት፣ በጫማና በዱላ ወረዱበት፣ ጆንያ በሚያስርበት በራሱ ገመድ እጁን የኋሊት አሰሩት።

«ስምህ ማነው?»

«ሁንዴሳ።»

«ማን ነው የላከህ?»

«ጌታዬ ላከኝ።» እሱ የሚለው ጆንያውን ያሸከመውን ነጋዴ ነው።

«የት አድርስ ብሎ?»

«ቦምብ ተራ።»

ተልኬ ነው አለ፣ ራሱ አመነ ተባለ። ሁለተኛውን ዙር ዱላ ማየት አቅቶኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አማርኛው ለገበያ የሚበቃ እንጂ ነፍሱን የሚያድንበት አልነበረም። ሴና፣ ፍሮምሳ እያለ ይጣራል። ልጆቹ ይሆናሉ።

ትሩፋት ጆሮዬ ሥር ተጠጋች። «ሚካል፣ ቦምብ ተራ ነው እኮ ያለው።»

«አዎ።»

«ዘንቢሉ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ዝም በይ» አልኩና ነጠላዋን በእጄ ጠቅልዬ ያዝኳት። ማን ይለቃል? ብትወጣ እሷን ነው የሚቀጠቅጧት።

በመሀሉ አንድ ፖሊስ መጣ። ዘንቢሉን ከሩቅ ሆኖ አየው እንጂ አልተጠጋም። ሰዉ ራሱ ያመጣው ራሱ ይክፈተው እያለ ጮኸ፤ ፖሊሱም አልከለከላቸውም። ሁንዴሳን እጁ እንደታሰረ ገፍተው ዘንቢሉ አጠገብ አንበረከኩት። በታሰረ እጁ በምን ይከፍተዋል ብሎ የጠየቀ የለም። አልከፍትም ያለ መስሏቸው ድንጋይ ያነሱ ነበሩ።

በእጄ ያለው ነጠላ ድንገት ቀለለኝ። ትሩፋት ከላይዋ ላይ ጥላልኝ ሄዳለች።

ወደ ዘንቢሉ አመራች። አንዴ ቆመች፤ ትመለሳለች ብዬ ነበር። መሀል ስትደርስ አፏ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። እንደገና ሞከረች።

«የኔ ነው» አለች። «ዘንቢሉ የኔ ነው። እሱ ምንም አያውቅም። የጮህኩት እኔ ነኝ።»

«ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» አለ ፖሊሱ ካለበት።

«የገና ቅመም።»

«አውጪና አሳዪን።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ አወጣች። ዝንጅብሉን አወጣች። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮረሪማውን። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ድንጋይ የያዘውም እጁን ዝቅ አደረገ። እኔም እፎይ ልል ነው። ከዚያ እጇ ዘንቢሉ ውስጥ ቀረ።

ፊቷ አመድ መስሎ ወደኔ ዞረች። ቀስ ብላ ስታወጣው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ ዙሪያውን በጥቁር የጎማ ክር ተጠፍሯል። እንዲህ ያለ ዕቃ አልገዛንም። ስንሮጥ ሰው ከትቶት ይሆን? እኔ በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ሰዉም ያው መሰለው። መተላለፊያው እንደገና ባዶ ሆነ፣ ፖሊሱም ወደ ኋላው ሄደ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ምሰሶዬን ይዤ ቀረሁ።

ትሩፋት ጣሳውን ጥላ ልትሮጥ ትችል ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያደረገችው ያንኑ ነው። ግን ሁንዴሳ አጠገቧ ታስሮ ተንበርክኳል፤ እሱ መሮጥ አይችልም። አየችው። ከዚያ ጣሳውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛ ጀርባዋን ለሱ አዞረች፤ የሚመጣ ነገር ካለ በሷ በኩል ይለፍ ያለች ይመስላል። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። በኋላ አፍንጫዋን ወደ ክዳኑ ወሰደችና አሸተተች።

«ጥቁር አዝሙድ ነው» አለች። ጮኻ እንኳ አልተናገረችም።

ዑስማን እያለከለከ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። «እኔ ነኝ የከተትኩት። ምርቃት ነው፣ ያልመጣችበት የአምስት ዓመት ምርቃት። ቤቷ ስትደርስ ትደሰት ብዬ ነው» ይላል። ጎማውን ፈትቶ ለፖሊሱ አሳየው። ሽማግሌው እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ሁንዴሳን ፈቱት። ይቅርታ ያለው የለም፤ ሰዉ እየተሳሳቀ ወደ ገበያው ተመለሰ። ትሩፋት ነጠላዋን ከእጄ ወስዳ የደማውን አፉን ልትጠርግለት ተጠጋች። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተይኝ እትዬ፣ ተይኝ» አለ። እሷን ነው የሚፈራው። አንድ እርምጃ ስትጨምር ጆንያውንም ገመዱንም ጥሎ ሮጠ፤ የሰው መሀል ገብቶ ጠፋ።

ነጠላዋን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። እንሂድ ስላት እንቢ አለችኝ። «ጆንያው ከጠፋ ደግሞ ሌባ ይሉታል» አለች። የጆንያው ባለቤት መጥቶ እስኪረከበን ድረስ ላዩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ይመለሳል ብላ ይሆናል። አልተመለሰም።

በማግስቱ ዶሮው ተሠራ፣ እጃችንን እስክንቆረጥም በላን። እሷ አልቀመሰችም። አባይነህ አሟት መሰለው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ነፋስ ስልክ ጉሊት ላይ ሆነን የመብራት ትራንስፎርመር በኃይል ጮኾ ፈነዳ። ሴቱ ሁሉ ዕቃውን እየጣለ ሮጠ፤ እኔም ከፊት ነበርኩ። ስዞር ትሩፋት የለችም። ተመልሼ ሳገኛት ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም። መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ የያዘችውን ግን አልጣለችም።

«ምነው ትሩፍዬ፣ ለምን አልሮጥሽም?» አልኳት።

«እኔ ከሮጥኩ የሚያዘው ሌላ ሰው ነው» አለችኝ።