ለፍስሃ የማልኩት ወላሂ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለመስጊዳችን ኢማምም አልነገርኩም። ክርስቲያኖች የንስሐ አባት አላቸው። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ጥፋቱን ለጌታው እንጂ ለሰው አይዘረዝርም። እኔም ለጌታዬ ነግሬያለሁ፤ አልቀለለኝም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም አንተ ስማኝ። ወዳጄን ፍስሃን ዋሽቼዋለሁ። በአላህ ስም ምዬ ዋሽቼዋለሁ።

ኸይሩ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኡራኤል አካባቢ፣ ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስሰፋ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ፍስሃ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው ካዛንቺስ የከተሙ ናቸው፤ እኔና እሱ ያደግነው እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እናቱ በትግርኛ ሲቆጡት እኔም አብሬ እደነግጥ ነበር። የምንበላው ሥጋ ይለያያል፤ የምስር ሳምቡሳ ግን አይለያየንም፤ እናም ለዓመታት ምሳችን እሱ ነበር። በረመዳን ወደ ሱቄ ሲመጣ ማኪያቶውን ውጭ ጨርሶ፣ አፉን ጠርጎ ይገባል። «ሽታው ጾምህን እንዳያስፈታህ ብዬ ነው» እያለ ይስቅብኛል።

እኛ ልብስ ሰፊዎች በቀጠሮ እንታማለን፤ ሐሜቱም እውነት ነው። «ነገ ይደርሳል» ያልነው ልብስ ገና አልተቆረጠም። ፍስሃ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ለራሱም ይሁን ለሌላ ሰው ልብስ ሲያስቸኩለኝ «ወላሂ በል!» ይለኛል። የማይደርስ ከሆነ ዝም እላለሁ፤ ወላሂ ካልኩ ግን ሌላ ሥራ ጥዬም ቢሆን አደርስለታለሁ። «ይኼ ሰውዬ ነገ ሲል አትመኑት፤ ወላሂ ሲል ግን አልቋል በቃ» እያለ ለደንበኞቼ ያወራ ነበር። እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴ ምን ላይ እንደሚያደርሰኝ የት አውቄ!

ከዚያ ታመመ። ጉበቱ ነው ተባለ። ሐኪሙ ሚስቱን ለምለምንና እኔን ለብቻ ጠርቶ ረጅም ጊዜ እንደሌለው ነገረን። በአገራችን ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም፤ ለምለምም ገና ከሐኪሙ በር ሳንርቅ ክንዴን ያዘች። «ኸይሩ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትነግረው። ከሰማ በድንጋጤ ነው የሚሞትብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። በዚያ አልፈርድባትም። ሚስት ናት፤ ፈርታለች።

ፍስሃ በየጊዜው ይከሳ ጀመር። አንድ ቀን ለምለም ግራጫ ሱሪውን በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ሱሪው እየወረደበት መክሳቱን እንዳያውቅ ወገቡን እንዳጠብብላት ለመነችኝ። አጠበብኩት። ከሳምንታት በኋላ እንደገና አመጣችው፤ እንደገና አጠበብኩት። ከውጭ እንዳይታወቅ ስፌቱን በድሮው መስመር አስመስዬ ነው የምሠራው፤ በሙያዬ እንደዚያን ጊዜ ተጠንቅቄ አላውቅም። ልጠይቀው ስሄድ ፍስሃ ጣቱን በወገቡ ዙሪያ አስገብቶ ያሳየኛል። «እይ እስቲ፣ ልኬ እኮ ነው! አልከሳሁም ማለት ነው» ይለኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ስንቱ ሰው ነው ወዳጁን በመርፌ የሚያታልለው?

ይህ ግን አሁን የምናዘዘው አይደለም። እስካሁን የነገርኩህን ለምለምም ታውቀዋለች። የማታውቀውን አሁን ልንገርህ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለምለም ጸበል ልታመጣ ወጥታ ከፍስሃ ጋር ብቻችንን ነበርን። ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠና አየኝ።

«ኸይሬ፣ እነሱ ይደብቁኛል። አንተ ንገረኝ። ጊዜ ካለኝ ከለምለም ጋር ተዘጋጅተን ለፋሲካ አብረን እንቆርባለን፤ ከተጋባን ጀምሮ የምትለምነኝ ይህንን ነው፤ ስንሸመግል እያልኩ የገፋሁት እኔ ነኝ። ጊዜ ከሌለኝ ግን አባን ዛሬውኑ ጥራልኝ። ልናዘዝ፣ ልቁረብና ልሂድ።»

ጥያቄው ግልጽ ነበር። እኔ ክርስቲያን ባልሆንም አብሬው አድጌያለሁ፤ ንስሐና ቁርባን ለእሱ ምን እንደሆነ አልጠፋኝም። እኔስ ብሆን የእምነት ቃሌን፣ ሸሃዳዬን፣ ሳልል መሞት እወዳለሁ? ንስሐ አባቱ ያሉት እዚያው ሰፈር ነው፤ ወጥቼ ብጠራቸው ሻይ እንኳ ሳይበርድ ይደርሱ ነበር።

«ትድናለህ» አልኩት።

«ወላሂ በል።»

ዝም ማለት እችል ነበር። እንደ ሱቁ ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ይገባው ነበር፤ አንድ ቃል ሳልናገር እውነቱን በነገርኩት ነበር። አይኖቹ ግን ፊቴ ላይ ነበሩ፤ ያንን ፊት ማየት አልቻልኩም።

«ወላሂ ትድናለህ!» አልኩት።

ትከሻው ሲላላ አየሁት። ተንፍሶ ተኛ። «በቃ፣ ለፋሲካ ነዋ» አለና አይኑን ጨፈነ።

ለለምለም ብዬ ነው እንዳልል፣ እሷ ዝም በል አለችኝ እንጂ ማል አላለችኝም። ለእሱ አዝኜ ነው እንዳልል፣ ያዘንኩት ለራሴ ነው። ሲያለቅስ ማየት ያልፈለግኩት እኔ ነኝ። ቄሱን ጠርቶ የመምጣት ድፍረት ያጣሁት እኔ ነኝ። የገዛ ፍርሃቴን አላህን ምስክር አድርጌ ሸፈንኩት።

ፋሲካ አልደረሰም። አንድ ጠዋት ለምለም እየጮኸች ደወለችልኝ። ስደርስ አባ ከራስጌው ቆመው ነበር፤ እሱ ግን አንደበቱ ተይዟል። አይኖቹ ተከፍተው ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ምናልባት ምንም አላሰበም፣ ምናልባት ሕመሙ ብቻ ነበር። እኔ ግን «ወላሂ ብለኸኝ አልነበር?» ሲለኝ ነው የሰማሁት። እዚያው እያየነው አረፈ።

አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነኝ። ፍታቱ ሲደረግ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ አለቀስኩ። በአርባው ዕለት ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ ቀረበልን። ለምለም በእንግዳው ሁሉ ፊት «እስከ መጨረሻው ተስፋ የሰጠው ኸይሩ ነው፤ ወንድም ማለት እሱ ነው» አለች። ሰዉ መረቀኝ። የጎረስኩትን ዋጥኩ። አሜን አልኩ።

ፍስሃ ያረፈበት የካዛንቺስ ቤት ዛሬ ፈርሷል፤ ለምለም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ባለፈው ሰሞን ግን እስከ ሱቄ ድረስ መጣች። ግራጫውን ሱሪ ይዛ ነበር፤ ለፍስሃ ታናሽ ወንድም እንዳሰፋላት ፈልጋ ነው። ቁጭ አለችና ሱሪውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትዳብሰው ጀመር።

«ኸይሩ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል። ለምን ይሆን አባን ያላስጠራው? እንደዚያ ደክሞ እያየ! ማለቴ፣ ከእኔ ጋር መቁረብ አልፈለገም ይሆን? ያን ያህል ቸል ይላል?»

አሁንም ዝም አልኩ። መናገር ባለብኝ ሰዓት ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት ባለብኝ ሰዓት ማልኩ። «ቅዳሜ ነይ፣ ይደርሳል» አልኳትና ሸኘኋት።

ስትሄድ ሱሪውን መፍታት ጀመርኩ። ሳጠብበው ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩትም ነበር፤ ሲድን መልሼ አሰፋዋለሁ ብዬ ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የሰፋሁት። ይህን ሳይ ለአፍታ ልቤ ቀለል አለኝ። «አየህ፣ አንተም ተስፋ ነበረህ፣ ውሸት አልነበረም» አልኩ ለራሴ። ግን ሐኪሙ ሲናገር ሰምቻለሁ። ለሱሪው ያተረፍኩትን ጨርቅ ያህል ለፍስሃ አንድ ከሰዓት አላተረፍኩለትም። ክሩን ስመዘው የመርፌው ቀዳዳዎች ተሰልፈው ቀሩ፤ ተኩሼውም አልጠፉም።

ልጅ ሆኜ የተማርኩት የሰውን ሐቅ ባለቤቱ ካላለፈው እንደማይታለፍ ነው። ባለቤቱ ሞቷል። አውፍ በለኝ ብዬ የምለምነው ፍስሃ የለም። የቀረችው ለምለም ናት፤ እሷም ባሏ ቸል ያላት እየመሰላት ትኖራለች። ይህም የእኔ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ትመጣለች። ሱሪው ደርሷል፤ በዚህ ቀጠሮ አልዋሸሁም። ፍስሃ ቄስ ጥራልኝ ብሎኝ ነበር፣ ከአንቺ ጋር ሊቆርብ ፋሲካን እየጠበቀ ነው የሞተው፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ያን የመጠየቅ ፊት የለኝም። ብታምነኝ ታልቅስ፣ ትርገመኝ። ባታምነኝና «እውነት?» ብላ ብትጠይቀኝ ግን ወላሂ አልልም።