ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተመለሰው አቤቱታዬ

ስድስተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ቢሆንም ከማንኩሳም ከቡሬም ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ልትመጡ የተሰናዳችሁ እህቶች አላችሁና ልንገራችሁ።

ከቤት የወጣሁ ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ እስከ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሸኙኝና የአክስቴን ልጅ ደሳለኝን እጁን ይዘው፣ "ልጄን የሰጠሁ ለኤጀንሲው አይደለም፤ ላንተ ነው" አሉት። ደሳለኝ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ ለሥራ የላከኝን ኤጀንሲ ድረ ገጽ የሠራ ነው።

"እርስዎ አይስጉ" አላቸው። "የቅሬታውን ገጽ የሠራሁት በእጄ ነው። ካልተስማማት በሦስት ወር ውስጥ በአማርኛ ትጻፍ፤ ቤት ይቀየርላታል።"

ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ስደርስ የእኛ የሐምሌ ብርድ ለካ ቀልድ ኖሯል። ዳቦአቸው ኹብዝ ይባላል፤ ሳስቶ ሳስቶ እጅ ላይ ያልቃል። የቡሬ በርበሬ በህልሜ ያስነጥሰኝ ጀመር። የተዋዋልኩት ለአንድ ቤት ነበር፤ ማዳም ግን የራሷን ስጨርስ "ያላ! ያላ!" እያለች ለእናቷም ለእህቷም ቤት ትነዳኛለች።

ደሳለኝ የሠራው ገጽ ላይ አቤቱታዬን በስልኬ ጻፍኩ። ስልከው ገጹ መልሶ ያሳየኝ ከላይ እስከ ታች ጥያቄ ምልክት ነው። ፊደል ገድፌ ነው ብዬ አፈርኩ። ቃሉን እያሳጠርኩ፣ የምጠራጠረውን እየተውኩ ደግሜ ጻፍኩ። ያው ሆነ። ኤጀንሲው ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳችው ሴት ገጹን ከፍታ አየችልኝ።

"ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የላክሽው።"

"አቤቱታ ነው፣ እትዬ።"

"እኛ ጥያቄ አናስተናግድም። ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ።"

ለደሳለኝ ስነግረው ሳቀ።

"አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እታለም! ጽሑፍሽ ሳይጎድል ተቀምጧል፤ ሲያሳየው ነው የሚያበላሸው። ገጹ ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው የተሠራ። መልስ ሲልክ ምን ዓይነት ይዘት እንደሆነና ፊደሉ ዩቲኤፍ ኤይት፣ የእኛንም ፊደል የሚይዘው አጻጻፍ፣ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ የፈረንጅ ፊደል መስሎት የእኛን ሁሉ ጥያቄ ምልክት ያደርገዋል።"

"ኋላ ቢነገረውስ?"

"መጻፍ ከጀመረ አይሰማም።"

ገባኝ። ወፍጮ ቤትም ጤፍ ይሁን በርበሬ የሚነገረው ድንጋዩ ከመዞሩ በፊት ነው።

"ታውቅ ነበር ማለት ነው?"

"አንድ መስመር ናት፣ ዛሬ አስገባታለሁ።"

አስገባት። ገጹን ስከፍተው ቃሌ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አንድም ፊደል አልገደፍኩም ነበር! ማዳም ሳትሰማ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ከዚያ መልስ ስጠብቅ ሦስተኛው ወር አለቀ። ማንም አልደወለልኝም፤ ይልቅ የማዳም ወንድም ቤት ተጨመረብኝ።

ሌላ ጊዜ ድምፄ አይወጣም፤ ደሳለኝ ዘንድ ስደውል ግን ወጣ።

"ወንድም ዓለም፣ አሁን ይነበባል አይደል?"

"ጥርት ብሎ።"

"ታዲያ ማን አነበበው?"



"አትቀየሚኝ እታለም፤ ገጹን ሥራ አሉኝ፣ ሠራሁ። ኤጀንሲው የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣበት ተብሎ ነው እንጂ፣ ድሮም የሚያነበው ሰው አልተቀጠረም።"